ልጆችን በስዕል መጽሐፍ ስነምግባር ማስተማር፣ እኔ እንደሞከርኩት

መጀመሪያ የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። ልጄ 4 ዓመቷ ነው፣ ስለ ውሸት የሚያወራ የስዕል መጽሐፍ አነበብኩላትና ስጨርስ እንደ ቲቸር ኮስተር ብዬ «እሺ ከዚህ ምን ተማርሽ?» አልኳት፣ እሷም ፈጠን ብላ «መዋሸት መጥፎ ነው!» አለች፣ እኔ ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩላት። አስር ደቂቃ ሳይሞላ ኪችን ውስጥ ስኳር ስትልስ ያዝኳት፣ ስኳሩ ከንፈሯ ላይ ተለጥፎ «እኔ አልነካሁም» ትለኛለች። ፈተና ከሆነባቸው የምትፈልጉትን መልስ ሰጥተዋችሁ ይሄዳሉ በቃ።

አሁን የማቆመው መጨረሻው ላይ ሳይሆን ነገሩ የተበላሸበት ገፅ ላይ ነው። አንዱ ልጅ የሌላውን ኳስ ቀምቶ ሲሮጥ የሚያሳይ ስዕል አለን እንበል፣ ፅሁፉን በእጄ ሸፈን አድርጌ ዝም እላለሁ። ትንሽ ቆይታ የተቀማውን ልጅ ፊት በጣቷ እየነካች «ለምን አኮረፈ?» ትላለች። «እንጃ፣ ምን ሆኖ ይመስልሻል?» ስላት ወዲያው ወደራሷ ታመጣዋለች፣ የአክስቷ ልጅ አሻንጉሊቷን የወሰደባትን ቀን ትነግረኛለች። እዚህ ጋ ምክር መጨመር ያምራችኋል፣ ዋጥ አድርጉት። በሌላ ቀን እሷ ራሷ ስትቀማ «ኳሱን የተቀማው ልጅ ትዝ አለሽ?» ማለት ይበቃል።

ከ2 ዓመት በታች ለሆኑት ታሪኩን ተዉት፣ ወፍራም የካርቶን ገፅ ያለው መጽሐፍ ይዛችሁ ፊት እያሳያችሁ «ይሄ ይስቃል፣ ይቺ ታለቅሳለች» በሉ። ከዛ በላይ ላሉት አንዱኑ መጽሐፍ አስሬ አንብቡ ቢሏችሁ አትሰልቹ፣ የሚገባቸው በድግግሞሽ ነው። ደግሞ ጥፋት ባጠፉ ቁጥር መጽሐፍ አታውጡ፣ ቅጣት ይመስላቸውና መጽሐፉን ራሱ ይጠሉታል።

ከውጭ የሚመጡት መጽሐፎች ስዕላቸው ቆንጆ ነው ግን ልጁ ሽማግሌ ጎረቤቱን በስሙ ይጠራል። እኔ ፅሁፉን ትቼ ስዕሉን እያየሁ በአማርኛ ነው የማወራው፣ ሽማግሌው አንቱ ይባላሉ፣ ልጁ ሲሰጡት በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ትልቅ ሰው ሲገባ «ኖር» ብሎ ይነሳል። ውጭ አገር የምታሳድጉ ሰዎች ይሄ በጣም ይጠቅማችኋል፣ አንቱታን ልጅ እዛ በሌላ መንገድ ብዙም አይሰማውም።

የራሳችን ተረቶች ላይ ደሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ ጦጣ አታላ ታሸንፋለች ጅብ ሞኝ ሆኖ ይቀራል፣ ልጁ ብልጠቱን ይዞ ቁጭ ይላል። ተረቱን አታበላሹት፣ አስቁበት፣ ከዛ «ጅቡ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ምን ብሎ ነገራት?» ብላችሁ ጠይቁ። የኔዋ «ጓደኛዬ አታለለችኝ ብሎ አለቀሰ» ብላኛለች።

መጽሐፍ ተወደደ ለምትሉ፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ 4 ኪሎ አብርሆት ላይብረሪ ወስዳችሁ አንብቡላቸው። ካልሆነ ራሳችሁ ስሩ። ባለመስመር ደብተር ሳይሆን ነጭ ወረቀት አጥፋችሁ በመርፌና ክር ስፉት፣ ስድስት ገፅ ይበቃል። እኛ «አያቴ ቤት ስሄድ» የሚል ሰርተናል፣ በር ማንኳኳት፣ ጉልበት መሳም፣ እጅ መታጠብ፣ ከፊት ለፊት መብላት። ስዕሌ አስቀያሚ ነው፣ አያትየዋ ድንች ነው የሚመስሉት፣ ግን ከቤታችን መጽሐፍ ሁሉ ቶሎ የተቀዳደደው እሱ ነው፣ አሁን ሁለተኛውን እየሰፋሁ ነው።