ሰውነታችሁ መለወጥ ሲያቆም ምን ታደርጋላችሁ?

ስፖርት ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ወራት ደስ ይላሉ። ኪሎ ይቀንሳል፣ ጉልበት ይጨምራል፣ ልብስ ይሰፋል። ከዚያ ድንገት ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። እዚህ ላይ አንዳንዱ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ሌላው ደግሞ ስፖርቱንም አመጋገቡንም በአንድ ቀን ይገለባብጠዋል። ሁለቱም አያዋጡም። ሁሉንም በአንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ በምን ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ምልክቱን ለዩ፤ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁ ሦስት አራት ሳምንት ታገሱ።

ምልክት፦ የምታነሱት ክብደት አልጨምር አለ

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያው ዳምቤል፣ ያው የዙር ብዛት፣ ያው ድግግሞሽ መሆኑ ነው። ጡንቻ የሚጠነክረው ከለመደው በላይ ሲጠየቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ቶማስ ዴሎርም የተባለ የአሜሪካ ጦር ሐኪም የተጎዱ ወታደሮችን ጉልበት የመለሰው በዚሁ መንገድ ነበር፤ ክብደቱን ደረጃ በደረጃ እየጨመረ።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ለምሳሌ 10 ኪሎ ዳምቤል በ3 ዙር፣ በእያንዳንዱ ዙር 8 ጊዜ ታነሳላችሁ እንበል። ክብደቱን ሳትነኩ 9፣ 10 እያላችሁ ሦስቱንም ዙር 12 አድርሱ። ሲሞላ ወደ 12 ኪሎ እለፉና እንደገና ከ8 ጀምሩ። ከባድ ዳምቤል ከሌላችሁ ያለውን ስታወርዱ ሦስት ሰከንድ ያህል ቀስ በሉ። ፑሽ አፕ ከቀለላችሁ እግራችሁን ወንበር ላይ ስቀሉ፤ ልዩነቱ ወዲያው ትከሻችሁ ላይ ይሰማችኋል።

በየሳምንቱ አዲስ እንቅስቃሴ የመቀያየር ነገር ግን አይመከርም። አዲስ እንቅስቃሴ ላይ መጀመሪያ የሚታየው መሻሻል በአብዛኛው የነርቭ ሥርዓታችን እንቅስቃሴውን ስለተማረው ነው። በየሳምንቱ የሚቀያይር ሰው ሁሌም ተማሪ ሆኖ ይቀራል። ስኳትን (ቁጭ ብድግን) የመሳሰሉ ዋና ዋናዎቹን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ያዟቸው። መቀየር ካማራችሁ ደጋፊ እንቅስቃሴዎቹን ቀይሩ።

ምልክት፦ ጉልበት ጭራሽ ቀነሰ

ባለፈው ወር ያነሳችሁት ዛሬ ከከበዳችሁ፣ እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ጂም መሄድ ካስጠላችሁ፣ ሰውነታችሁ እረፍት እየጠየቀ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ስንፍና ይለውና ይጨምርበታል። እባካችሁ አትጨምሩ። ለአንድ ሳምንት የዙሩን ቁጥር በግማሽ ቀንሱ፣ ቢያንስ 7 ሰዓት ተኙ፣ ምግብ አትቀንሱ። ሴቶች ደግሞ የወር አበባችሁ ከተዛባ ወይም ከቀረ፣ ከስፖርቱ ጋር የማይመጣጠን ትንሽ ምግብ እየበላችሁ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም አማክሩ።

ምልክት፦ ሚዛኑ አልንቀሳቀስ አለ

መጀመሪያ በእርግጥ መቆሙን አረጋግጡ። ሰውነት ከሚያጠራቅመው ካርቦሃይድሬት ጋር ውኃ አብሮ ይይዛል፤ ለ1 ግራም ወደ 3 ግራም ገደማ። ጨው የበዛበት እራት ወይም የወር አበባም ሚዛኑን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት መልስ ምንም ሳትቀምሱ ተመዘኑና የሳምንቱን አማካይ ያዙ። ወገባችሁንም በእምብርት ትክክል በሜትር ለኩ። ኪሎው ቆሞ ወገብ ከቀነሰ ስብ እየወረደ፣ ጡንቻ እየተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ምንም አትንኩ።

ሁለቱም ለአንድ ወር ያህል ከቆሙ ግን ምክንያት አላቸው። የቀለለ ሰውነት የሚያቃጥለው ጉልበት ያንሳል። 90 ኪሎ እያላችሁ ያከሳችሁ ምግብ፣ 80 ስትደርሱ ባላችሁበት የሚያቆማችሁ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ምግብ ሲያንስ ሳይታወቀን እንቅስቃሴም እንቀንሳለን። ሊፍት እንመርጣለን፣ ቁጭ ማለት እናበዛለን። ዘይትም አለ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወደ 120 ካሎሪ ነው፤ በዓይን ግምት ሲፈስ ማን ይቆጥረዋል?

ለአንድ ሳምንት የምትበሉትን ለኩና ጻፉ። ከዚያ ወይ በቀን 200 ካሎሪ ገደማ ቀንሱ፣ ወይ የግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ ጨምሩ። አንዱን ብቻ ምረጡ። ፕሮቲን ግን አይነካ። ክብደት ለሚያነሳ ሰው ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ በቀን 1.6 ግራም ጥሩ መነሻ ነው፤ 70 ኪሎ ለሆነ ሰው 112 ግራም ማለት ነው። የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ለብዙ ወራት ስትቀንሱ ከቆያችሁ ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል ኪሎ የማይጨምርም የማይቀንስም መጠን ብሉ። የተጠራቀመው ድካም ሊቀል፣ ጽናትም ሊመለስ ይችላል።

ምልክት፦ ሩጫው አልፈጥን አለ

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሁሌም በአንድ ፍጥነት፣ በመሃከለኛው መሮጣችሁ ነው። አብዛኛውን ቀን እያወራችሁ መሮጥ እስክትችሉ ድረስ ቀስ በሉ። በሳምንት አንድ ቀን አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ ሁለት ደቂቃ በዝግታ እያፈራረቃችሁ ስድስት ጊዜ ድገሙ። ደረት ላይ ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወዲያው አቁማችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ።