ማባበያው ያምራል፣ ዓሣው ግን አይነካውም
ለሎጎ ሐይቅና ለአርዲቦ አጥማጆች

ማባበያ፣ ማለትም ዓሣውን ለመሳብ ክሩ ላይ የምናስረውን ሰው ሠራሽ ማጥመጃ፣ ስንገዛ የምንመርጠው በእኛ ዓይን ነው። ፀሐይ ላይ ደምቆ ሲያብረቀርቅ ደስ ይለናል። ዓሣው የሚያየው ግን ውሃው ያሳለፈለትን ብርሃን ብቻ ነው። ስለዚህ ቀለም ከመቀየራችሁ በፊት ውሃውን እዩት፦ ነጭ የጀሪካን ክዳን ላይ ድንጋይ አስራችሁ በክር አውርዱት፤ ከዓይን የተሰወረበት ጥልቀት መልሱን ይነግራችኋል።

ውሃው ጥርት ብሏል፣ ቀዩ ማባበያ ግን ከታች አይነካም

እኔ በዚህ ሙሉ ማለዳ አባክኛለሁ። ውሃ ከሁሉ አስቀድሞ የሚውጠው ቀይ ብርሃንን ነው። ጥቂት ሜትር እንደወረደ ያ ደማቅ ቀይ ይገረጣል፣ ቆይቶም ጥቁር ይመስላል። ብርቱካናማው ይከተለዋል፣ ቢጫው ትንሽ ይቆያል፤ ጥርት ባለ ውሃ ወደ ታች የሚዘልቁት አረንጓዴና ሰማያዊ ናቸው። ሎጎ ሐይቅ እስከ 80 ሜትር ገደማ የሚጠልቅ ነውና ይህን መርሳት ያስከፍላል። ቀዩን ከላይ ከላይ ለሚጎተት አስቀሩት፤ ለጥልቁ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ብርማ እሰሩ።

ክረምት ገብቶ ዳሩ ደፍርሷል

ከተራራው የታጠበው አፈር ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ደለል ሰማያዊውን ቶሎ ያጠፋዋል፤ የሚተርፈው ወደ ቢጫና ወደ ቀይ የሚያደላ ብርሃን ነው። ክዳኑ አንድ ክንድ ሳይወርድ ከጠፋ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ቢጫ ያዙ። ጥቁርም ይሠራል፣ ከታች ለሚያይ ዓሣ ጥላው ጎልቶ ይታያልና። ቀስ ብላችሁ ጎትቱ፣ እንዲያገኘው ጊዜ ስጡት። አዲስ መግዛት አያስፈልግም፤ የጥፍር ቀለም ቀብታችሁ በደንብ ካደረቃችሁት ይበቃል። ከሁሉ ይልቅ ግን ድፍርሱና ጥርት ያለው ውሃ የሚገናኙበትን መስመር ፈልጉ።

ውሃው አረንጓዴ ሆኗል

አልጌ ነው። ሎሚ የመሰለ ቢጫ-አረንጓዴ እሰሩ።

ጎህ ሲቀድና ሲመሽ

ቀለም ይደበዝዛል፣ ቅርጽ ይቀራል። ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ይሻላል።

ሁሉም ተሞክሮ አልነካም

ያኔ ጥፋቱ የቀለም ላይሆን ይችላል። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ለሎጎ ሐይቅ እንግዳ ነው፤ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ነው አምጥተው የለቀቁት። ዋና ምግቡ አልጌ ስለሆነ ትልቅ ማባበያ አያሳድድም፤ ትንሽ መንጠቆ ላይ ትል ብታደርጉለት ይሻላል። ወንዱ ጎጆውን ሲጠብቅ ግን የቀረበውን ሁሉ ይነክሳል፤ ትንሽ ማባበያ የሚሠራው ያን ጊዜ ነው። አምባዛ ደግሞ ምግቡን በማሽተትና በጢሙ ነው የሚፈልገው፣ ይልቁንም ማታ፤ ቀለም ስትቀያይሩለት አትድከሙ፣ ሽታ ያለው ነገር ስጡት። እንቁላል ወይም ጫጩት በአፏ የያዘች ቆሮሶ ከወጣችላችሁ ሳትውል ሳታድር ወደ ውሃው መልሷት፤ የነገው ዓሣ እሷ አፍ ውስጥ ነው ያለው።