የኮይልኦቨር ሞላ ዲያሜትር ሲመረጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለውድድር መኪና ኮይልኦቨር ሞላ፣ ማለትም ሾኩን ከቦ የሚቀመጠውን ሞላ፣ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ጥንካሬው ነው። ዲያሜትሩን ግን ቀድሞ ከነበረው ሞላ ይገለብጣል፤ አለዚያም ጎማውን እንዳይነካ ብሎ ጠባቡን ያነሳል። የእኛ ምክር ሌላ ነው፦ ቦታው የሚፈቅደውን ሰፊ ሞላ ይውሰዱ። ወደ ጠባቡ የሚወርዱት ሰፊው እንደማይገባ ለክተው ካረጋገጡ በኋላ ይሁን።

ጠባብ ሞላ ጠንካራ ነው ብሎ ማሰብ

ይህ ግራ መጋባት የሚመጣው ከቀመሩ ነው። የሞላ ጥንካሬ በሽቦው ውፍረት አራተኛ ርቢ ይጨምራል፤ በጥቅልሉ ዲያሜትር ሦስተኛ ርቢና በሚሠሩት ዙሮች ብዛት ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ ሽቦውና ዙሩ ሳይለወጡ ጥቅልሉ ቢጠብ በእርግጥ ይጠነክራል። ለሽያጭ የሚቀርብ ሞላ ግን ሽቦውና ዙሩ ተስተካክለውለት ነው የሚመጣው። 60 ኒውተን በሚሊሜትር ተብሎ የተሸጠ ሞላ የውስጥ ዲያሜትሩ 57 ሚሜ ቢሆንም 76 ሚሜ ቢሆንም 60 ነው። ጎማው ዘንድ የሚደርሰውን ጥንካሬ የሚወስነው ሾኩ ከጎማው አንጻር ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ነው። ጎማው 10 ሚሜ ሲነሳ ሾኩ 7 ሚሜ ከታመቀ ንጽጽሩ 0.7 ነው፤ በራሱ ሲባዛ 0.49 ይሆናል፤ 60 የነበረው ሞላ ጎማው ላይ 29 ገደማ ነው። ዲያሜትሩ በዚህ ስሌት ውስጥ የለም። የሚታየው ሌላ ቦታ ነው፦ ሞላው እስከ ምን ድረስ መታመቅ እንደሚችል፣ ሽቦው ምን ያህል እንደሚጨነቅ፣ ጥቅልሉ ወደ ጎን ይጎብጥ እንደሆነ።

የተዘጋ ቁመቱን ሳያሰሉ መግዛት

ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ስህተት ይህ ስለሆነ በቁጥር እንየው። የተዘጋ ቁመት ማለት ዙሮቹ ሁሉ ተነካክተው ሞላው ከዚያ በላይ የማይታመቅበት ቁመት ነው።

የውስጥ ዲያሜትሩ 63.5 ሚሜ፣ ሽቦው 11 ሚሜ፣ የሚሠሩት ዙሮች 6 የሆኑ ሞላ እንውሰድ። ጥንካሬው 58 ኒውተን በሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። ጫፍና ጫፍ ያሉት ሁለት የማይሠሩ ዙሮች ሲጨመሩ 8 ዙር ይሆናል፤ የተዘጋ ቁመቱ 88 ሚሜ ነው። ነጻ ቁመቱ 203 ሚሜ ከሆነ 115 ሚሜ ሊታመቅ ይችላል። አሁን ሞላው ላይ 3,000 ኒውተን ቢያርፍ መኪናው ቆሞ ብቻ 52 ሚሜ ይበላል። ከዚያ ሾኩ ወደ ላይ 60 ሚሜ የሚሄድ ከሆነ የሚያስፈልገው 112 ሚሜ ነው። ለጥቂት ይበቃል።

ይህንኑ ጥንካሬ በ57 ሚሜ ሞላ፣ በዚያው 11 ሚሜ ሽቦ ለማግኘት ወደ 8 የሚጠጉ የሚሠሩ ዙሮች ያስፈልጋሉ። የተዘጋ ቁመቱ 109 ሚሜ አካባቢ ይደርሳል፤ የቀረው መታመቂያ 94 ሚሜ ነው። ሾኩ ጉዞውን ሊጨርስ 18 ሚሜ ሲቀረው ሞላው ይዘጋል። በዚያች ቅጽበት ሞላ መሆኑ ቀርቶ ድፍን ብረት ይሆናል፤ ጎማው በድንገት መያዣውን ይለቃል፣ ምቱም በቀጥታ ወደ ሾኩ ማሰሪያ ይሄዳል። የሾኩ ጉዞ መጨረሻ ላይ ምቱን የሚያለዝበው፣ ባምፕ ስቶፕ የሚባለው ላስቲክም ሥራውን ሳይጀምር ይቀራል።

አምራቹ በሌላ መንገድ ሄዶ ሽቦውን ወደ 10.2 ሚሜ ካቀጠነው በ6 ዙር ያንኑ ጥንካሬ ያገኛል፤ የተዘጋ ቁመቱ እንዲያውም ወደ 82 ሚሜ ያጥራል። ዋጋው ግን ሌላ ነው፦ በእኩል መታመቅ ሽቦው ላይ የሚያርፈው ጭንቀት 14 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብረቱ ደካማ ከሆነ ሞላው ከጥቂት ውድድር በኋላ ቁመቱን ያጣል፤ በሚዛን የተስተካከለው፣ በአራቱም ጎማዎች ላይ የሚያርፈው ክብደትም ይዛባል።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት አምራቹን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የተዘጋ ቁመቱንና የተፈቀደውን ከፍተኛ መታመቅ። መኪናው ቆሞ የሚታመቀውንና ሾኩ ከዚያ ወደ ላይ የሚቀረውን ጉዞ ደምሩ። የተፈቀደው ከድምሩ መብለጥ አለበት። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች መስጠት የማይችል ሻጭ ሞላውን ለውድድር አይሸጥልዎት።

ኢንችና ሚሊሜትርን ማቀላቀል

በስፋት የሚገኙት የውስጥ ዲያሜትሮች በኢንች 2.25፣ 2.5 እና 3 ናቸው፤ ማለትም 57.15፣ 63.5 እና 76.2 ሚሜ። በሚሊሜትር የሚሠሩት ደግሞ 60፣ 65 እና 70 ናቸው። 63.5 እና 65 በዓይን ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ። 65 ሚሜ ሞላ ለ63.5 በተሠራ ማረፊያ (የሞላው ጫፍ የሚቀመጥበት ክፍል) ላይ ይቀመጣል፤ ችግሩም መቀመጡ ነው። የ1.5 ሚሜ ክፍተቱ ሞላውን ወደ አንድ ጎን እንዲንሸራተት ይፈቅድለታል፤ ጭነቱ ከሾኩ መሃል ወጥቶ ዘንጉን ያጣምማል፣ ጎማው ሲንጠለጠልም ይንኳኳል። በተቃራኒው 63.5 ሞላ በ65 ማረፊያ ላይ አይገባም። የማረፊያውን ከንፈር በሞረድ የሚያወርዱ አሉ። ይህን አያድርጉ፤ ትክክለኛ ማረፊያ ይግዙ ወይም ማመጣጠኛ ቀለበት በቶርኖ ያስወጡ።

የሞላውን ጫፍ ውስጡን በካሊፐር በሦስት አቅጣጫ ይለኩ። ጽሑፉንም ያንብቡ፦ 800.250.350 የሚል ምልክት በተለምዶ 8 ኢንች ቁመት፣ 2.5 ኢንች የውስጥ ዲያሜትር፣ 350 ፓውንድ በኢንች ማለት ነው። ይህም 61 ኒውተን በሚሊሜትር ገደማ ነው። 8 ኪሎ በሚሊሜትር የተባለው ግን 78 ኒውተን ይደርሳል።

ከጠባቡ ብዙ ቦታ እናገኛለን ማለት

ከ63.5 ወደ 57 ሲወርዱ 6.4 ሚሜ የተገኘ ይመስላል። ሞላው ግን የሚጠበው በሁለቱም ጎን ነው፤ በጎማው በኩል የሚያተርፉት 3.2 ሚሜ ብቻ ነው። ለዚህች ትርፍ ነው ከላይ ያየነው ሁሉ የሚከፈለው።

መጀመሪያ እንዲህ ይለኩ። ሞላውን ያውጡ፣ ሾኩን ያለ ሞላው ቦታው ላይ ይግጠሙ፣ ጎማውን ይግጠሙ። በክሪክ እስከ መጨረሻው ከፍ ያድርጉና መሪውን ከጫፍ ጫፍ ያዙሩ። ከሾኩ መሃል እስከ ጎማው ቅርብ ቦታ ያለውን ርቀት ይያዙ። የ63.5 ሞላ ከነ11 ሚሜ ሽቦው ከመሃል 43 ሚሜ ይወጣል። ጎማ በመታጠፊያ ላይ ስለሚያብጥ በእሱ በኩል 10 ሚሜ፣ በብረት በኩል 5 ሚሜ እንተዋለን። 53 ሚሜ ካለ ሰፊው ይገባል።

የውስጡን ክፍተት መርሳት

46 ሚሜ ፒስተን ያለው ሾክ የውጭ አካሉ ወደ 50 ሚሜ ይጠጋል። የሞላውን ከፍታ የሚያስተካክለው ጥርስ ያለው እጅጌ ሲለብስ 54 ሊደርስ ይችላል፤ በ57 ሞላ ውስጥ በየጎኑ የሚቀረው 1.5 ሚሜ ብቻ ነው። ሞላ ሲታመቅ ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ ትንሽ ይጎብጣል። በየጎኑ ቢያንስ 3 ሚሜ እንፈልጋለን።

መጎበጡን የሚያባብሰው የቁመትና የዲያሜትር ንጽጽር ነው። ነጻ ቁመቱ ለጥቅልሉ አማካይ ዲያሜትር ሲካፈል ከ4 ካለፈ ይጠንቀቁ። 305 ሚሜ ቁመት ያለው የ57 ሞላ 4.5 ይሰጣል፣ የ76ቱ 3.5 ብቻ ነው። አጭር ሞላ ከረዳት ሞላ (ከዋናው ጋር ከሚደረብ ለስላሳ ሞላ) ጋር ማሰርም ይረዳል፤ መሃል የሚገባው ቀለበት ግን በሁለቱም ፊቱ ከየሞላው ዲያሜትር ጋር መግጠም አለበት፣ የረዳቱ የተዘጋ ቁመትም በስሌቱ ውስጥ ይግባ።

ከመጀመሪያው ልምምድ በኋላ ሞላውን አውጥተው ይዩት። በሾኩ ጥርስ ላይ በአንድ ጎን ብቻ የሚያበራ መስመር፣ ማረፊያው ላይ ግራጫ የአሉሚኒየም ዱቄት፣ ወይም በዙሮቹ ውስጠኛ ፊት የተላጠ ቀለም ካገኙ ሞላው እየፈተገ ነው። ቀለሙ በዙሮቹ መካከል፣ ከላይና ከታች ፊታቸው ከተላጠ ግን ሞላው ተዘግቷል ማለት ነው።