«ያልታወቀ» የሚል ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ሲገጥምዎ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ ባለችው ጥገና ቤቴ የሚመጡት ዲስኮች ታሪካቸው ተመሳሳይ ነው፤ መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ከዚያ ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» አለ። ውስጡ የሠርግ ፎቶ ወይም የሱቅ ሒሳብ ነው። እባክዎ እሺ አይበሉት። ዊንዶውስ ያላወቀው ሁሉ ባዶ አይደለም፤ ጤነኛ የኤክስት4 (የሊኑክስ የፋይል አደረጃጀት) ፓርቲሽን ሲያገኝም ይህንኑ ይጠይቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ሊኑክስ ከከፈተ በኋላ ነው። የዲስክ ክፍፍልን የሚያሳየው «ኤፍዲስክ» ያወጣውን የፓርቲሽን ዓይነት ቁጥር አይቶ ይደመድማል። ያ ቁጥር የዲስኩ ክፍፍል የተመዘገበበት ሰንጠረዥ ላይ የተለጠፈ ስም ብቻ ነው። ጆንያው ላይ «ማኛ» ተብሎ ስለተጻፈ ውስጡ ሰርገኛ አይደለም ማለት አይቻልም፤ ፈትቶ ማየት ነው። በኤምቢአር (በአሮጌው ዓይነት) ሰንጠረዥ 07 የዊንዶውሶቹ አደረጃጀቶች ኤንቲኤፍኤስም ኤክስፋትም ሊሆን ይችላል። 83 የሊኑክስ ነው ይላል እንጂ ኤክስት4ን ከሌላው የሊኑክስ አደረጃጀት ከኤክስኤፍኤስ አይለይም። አሮጌ መሣሪያ «ኢኢ» ቢያሳይዎ አይደንግጡ፤ ዲስኩ ጂፒቲ የተባለውን አዲሱን ሰንጠረዥ ይጠቀማል ማለት ነው።

ውስጡን የሚያነበው «ብሎክአይዲ» የተባለው ትእዛዝ ነው። ያለ ሱዶ (ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ) ካስኬዱት ግን ቀድሞ ያስቀመጠውን የቆየ መረጃ ሊሰጥዎ ወይም ዝም ሊል ይችላል። በሱዶ ሆነው «ሰረዝ ፒ» ይጨምሩበት፤ ያኔ ከዲስኩ በቀጥታ ያነባል። «ፋይል» የተባለው ትእዛዝም «ሰረዝ ኤስ» ካልታከለበት ብሎክ ዲቫይስ (የማከማቻ መሣሪያ) መሆኑን ብቻ ነግሮ ያልፋል።

ዲስኩንና ፓርቲሽኑን ማምታታትም አለ፦ ኤስዲቢን (ሙሉውን ዲስክ) ከጠየቁ ስለ ሰንጠረዡ ነው የሚመለስልዎ፤ ኤስዲቢ1ን (ፓርቲሽኑን) ይጠይቁ።

«ዋይፕኤፍኤስ» የተባለው ትእዛዝ ላይ ቆም ይበሉ። ብቻውን ሲጻፍ የተገኙትን ፊርማዎች (የአደረጃጀቱን መለያ ምልክቶች) ይዘረዝራል፣ በጣም ይጠቅማል። «ሰረዝ ኤ» ሲጨመርበት ግን ያጠፋቸዋል። ትእዛዙን ሳያዩት ለጥፈው፣ ዲስኩን በእጃቸው ይዘው የመጡ ሰዎች አሉ፤ ልብ ይሰብራል። ፋይሉ እዚያው አለ፤ የጠፋው ምንነቱን የሚናገረው ምልክት ነው።

ሁሉም መሣሪያ ዝም ሲል «ተበላሽቷል» ለማለት አይቸኩሉ። የሱቅ ካሜራ መቅረጫ ብዙ ጊዜ የራሱን አደረጃጀት ይጠቀማል። ጥሬ ባይቶቹን በሚያሳየው በ«ሄክስዳምፕ» የፓርቲሽኑን መጀመሪያ ይመልከቱ፦ የኤንቲኤፍኤስ ስም ከአራተኛው ባይት ጀምሮ በፊደል ተጽፎ ይታያል፤ የኤክስት ቤተሰብ ከሆነ 1080 ባይት ዘልለው 53 እና ኢኤፍን ያገኛሉ።

ዓይነቱ ሲታወቅ ለማንበብ ብቻ ማውንት ያድርጉት (ከሲስተሙ ጋር ያገናኙት)። ኤክስት4 ከሆነ «አርኦ» (ንባብ ብቻ የሚለው አማራጭ) ብቻውን አይበቃም፤ መብራት ሲሄድ በጅምር የቀረውን ጆርናል (የለውጦች መዝገብ) ለመጨረስ ሊኑክስ ዲስኩ ላይ ይጽፋል። ጆርናሉን እንዳይነካ የሚያደርገውን «ኖሎድ»ን አብረው ይጨምሩ።