ካታሊቲኩን ከማስወጣታችሁ በፊት፦ ሞዲፋይ የተደረገ መኪና ችግርና መፍትሄ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚያወጣው የደንገጎ ዳገት የመኪናን ጉድ ያወጣል። ሜዳ ላይ ደህና ሲሄድ የነበረ መኪና እዚያ ሲደርስ አቅም ያጣል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ዳሽቦርዱ ላይ የቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል። ጋራዥ ሲገባ ፍርዱ ፈጣን ነው፦ «ካታሊቲኩ ተደፍኗል፣ ይውጣ።» ካታሊቲክ የሚባለው የጭሱን መርዝ የሚያጣራው ዕቃ ነው። ውስጡ ያለው ሸክላ ተሰብሮ ይወጣል፣ ባዶው ቆርቆሮ ተመልሶ ይበየዳል፣ መኪናው ለጊዜው ይቀለዋል። ካታሊቲኩን የገደለው ችግር ግን ሞተሩ ላይ እንዳለ ነው።

ካታሊቲክ በራሱ ጊዜ ብዙም አይሞትም። የሚገድለው ከፊቱ ያለ ነገር ነው። ሞዲፋይ በተደረገ መኪና ላይ ደግሞ መነሻው ብዙ ጊዜ «ትርፍ ነው» ተብሎ የተነቀለ ወይም የተደፈነ ዕቃ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ እንየው። ከማርሚታው በፊት ያለው ይህ ዕቃ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ የበዛበት ሸክላ ነው። ሸክላው ላይ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በስሱ ተቀብተዋል። ሥራ የሚጀምረው ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ነው። ሙቀቱ ከ900 ካለፈ ቅቡ መጎዳት ይጀምራል። ወደ 1400 ከተጠጋ ሸክላው ራሱ ይቀልጣል። በደንብ የሚያጣራው ሞተሩ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ሲጠቀም ነው። ያልተቃጠለ ቤንዚንና አየር አብረው ከደረሱት ግን እሳቱ የሚነደው እሱ ውስጥ ነው።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል

ከሁሉም የሚያስቸኩለው ይህ ነው። መብራቱ ዝም ብሎ ከበራ ቀጠሮ ይዛችሁ ጋራዥ መሄድ ትችላላችሁ። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ካታሊቲኩ እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሲሊንደር አይሠራም፣ ቤንዚኑ ሳይነድ በጭስ ማውጫው ይወጣል። እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሱ፣ ዳገቱን አትቀጥሉ፣ ጥግ ይዛችሁ አቁሙ። መኪናውን ደረቅ ሣር ላይ አታቁሙት፣ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ካንዴላ፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ቦቢና ወይም ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተር ነው። የመኪናው ኮምፒውተር የያዘው የብልሽት ኮድ ሲነበብ ፒ0301 ካለ 1ኛው ሲሊንደር ነው፣ ፒ0302 ካለ 2ኛው። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቦቢና ካለው የዚያን ሲሊንደር ቦቢና ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩት። ኮዱ አብሮ ከተዛወረ ጥፋተኛው ቦቢናው ነው። ካልተዛወረ ካንዴላውን በዚሁ መንገድ ሞክሩ። ይህ ፍተሻ ዕቃ ሳይገዛ የሚሠራ ነው፤ ሳይሠራለት ካታሊቲክ የሚያስወጣ ሰው ያሳዝነኛል።

ትልቅ ኢንጀክተር ወይም ቱርቦ ተገጥሞ ኮምፒውተሩ በልኩ ካልተስተካከለ ያው ችግር ይመጣል። ጭስ ማውጫው እንዲተኩስ ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም ደግሞ ሆን ተብሎ ቤንዚን ወደ ኋላ እንዲነድ የሚያደርግ ነው። ካታሊቲኩ እንዲቆይ የሚፈልግ ሰው ይህን ፕሮግራም ያስጠፋ።

ቤንዚን ይበላል፣ የጭስ ማውጫው ጫፍ ጥቁር ነው፣ የሙቀት መለኪያው ከፍ አይልም

እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ቆላ አገር ላይ በብዛት የሚያጋጥም ነው። «ድሬ ሙቀት ነው፣ መኪናው እንዳይፈላ» ተብሎ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው ቴርሞስታት ይወጣል። ሐሳቡ ከቅንነት ነው፤ ውጤቱ ግን ከባድ ነው። ቴርሞስታት ብዙውን ጊዜ ከ82 እስከ 88 ዲግሪ አካባቢ ይከፈታል። እሱ ከሌለ ውሃው ሳያቋርጥ ይዞራል፣ በተለይ ማታና በረጅም መንገድ ላይ ሞተሩ የሥራ ሙቀቱን አይይዝም። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና ያልሞቀ ይመስለዋል፣ ስለዚህ ቤንዚን ይጨምራል። ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካውን የኦክስጅን ሴንሰር መልእክትም ላይሰማ ይችላል። ካታሊቲኩ ቀን በቀን ጥቀርሻ ይጠጣል።

መፍትሄው ትክክለኛውን ቴርሞስታት መልሶ መግጠም ነው። መኪናው ያኔ ከፈላ ጥፋቱ የቴርሞስታቱ አይደለም። የራዲያተሩን ቆሻሻ፣ የፋኑን ሞተር፣ የራዲያተሩን ክዳን፣ የውሃ ፓምፑን ተራ በተራ እዩ። የቴስታ ጓርኒሲዮንም (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ይታይ፤ ውሃ ወደ ሲሊንደር ከገባ በውስጡ ያለው ኬሚካል ካታሊቲኩንም የኦክስጅን ሴንሰሩንም ይበክላል።

ቤንዚን ከሞላሁ በኋላ ሲነሳ ያስቸግራል፣ ይሸታል

ከቤንዚን ታንከሩ (ሰልባትዮው) የሚወጣውን የቤንዚን ትነት የሚይዝ ከሰል ያለበት ቆርቆሮ አለ። ብዙ ሰው አያውቀውም። ነዳጅ ሲጠፋ «እስከ አፉ ሙላልኝ» ማለት የተለመደ ነው። ማደያው ላይ መቅጃው ቀጭ ብሎ ከቆመ በኋላ የሚጨመረው ቤንዚን ፈሳሽ ሆኖ ወደዚያ ከሰል ሊገባ ይችላል። ከዚያ ከሰሉን ከሞተሩ ጋር በሚያገናኘው ቫልቭ በኩል ወደ ሞተሩ ይሳባል፣ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። ሲሞላ መጀመሪያ ሲቆም ይብቃችሁ። ቫልቩ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ በአፍ ሲነፋ አየር ካሳለፈ ተበላሽቷል፣ ይቀየር። ከሰሉ ተነቅሎ ቱቦው ክፍት የተተወበት መኪና ካላችሁ ደግሞ ቢያንስ ቱቦውን ዝጉት፤ ሞተሩ ያልተለካ አየር እየሳበ ነው።

ሰማያዊ ጭስ፣ ዘይት ይቀንሳል

የሞተር ዘይት ውስጥ ፎስፈረስና ዚንክ አለ። ዘይቱ ሲቃጠል ይህ ካታሊቲኩን ይሸፍነዋል፣ አይነሳም። የፒስተን ቀለበት አልቋል ከመባሉ በፊት የሞተሩ መተንፈሻ ቫልቭ ይታይ። ተነቅሎ ሲወዘወዝ ካልተንኮሻኮሸ ተዘግቷል ማለት ነው። ርካሽ ዕቃ ነው።

መኪናው ይታፈናል፣ ከተወሰነ ፍጥነት አያልፍም

ይህ እውነትም መደፈን ሊሆን ይችላል፤ ግን ይለካ። የፊተኛው የኦክስጅን ሴንሰር ይፈታና በቦታው የግፊት መለኪያ ይገጠማል። ሞተሩ ስራ ፈት ሆኖ ሲዞር ከ1.5 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) በታች፣ በ2500 ዙር ከ3 በታች ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው። ከዚያ ከበለጠ ተደፍኗል። በቀዝቃዛው በጎማ መዶሻ ሲመታ ከተንኮሻኮሸ ደግሞ ሸክላው ተሰብሯል። ክረምት ላይ ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ በጋለ ካታሊቲክ ውሃ ውስጥ መግባት ሸክላውን ሊሰነጥቀው ይችላል።

«አቦ፣ ይውጣና ልገላገል» የሚል ሰው ይገባኛል፤ አዲሱ ውድ ነው። ግን ባዶ ቆርቆሮ ይዞ በድሬዳዋው መገላ ሰፈር ጠባብ መንገድ መዞር ሰውን መመረዝ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይዱን የሚተነፍሰው በር ላይ የተቀመጠው ልጅ ነው።

ፒ0420

ይህ ኮድ ካታሊቲኩ ደክሟል ይላል። ሁልጊዜ ግን ልክ አይደለም። በብየዳ የተሠራ ማኒፎልድ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚቀበለው ቱቦ) ላይ ትንሽ ስንጥቅ ካለ አየር ይገባና ሴንሰሩን ያታልለዋል። ቀዝቃዛ ሞተር አስነስታችሁ መጋጠሚያዎቹን አዳምጡ፣ የሚያፈስ ካለ ፍንጥቅ ፍንጥቅ ይላል። ከዚያ ከካታሊቲኩ በኋላ ያለውን ሴንሰር ተመልከቱ። ሞተሩ ሞቆ ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት ላይ ረግቶ ከቆመ ካታሊቲኩ ይሠራል። እንደ ፊተኛው ከ0.1 እስከ 0.9 ከዘለለ ሞቷል። ሴንሰሩን በማራዘሚያ ማራቅ መብራቱን ብቻ ያጠፋል፣ እናንተንም ከማስጠንቀቂያው ይነጥላችኋል።

የኢጂአር ቫልቭ ከተደፈነም ይከፈት። ከተቃጠለው ጋዝ ጥቂቱን መልሶ የሲሊንደሩን ሙቀት የሚያበርደው እሱ ነው። ሲዘጋ ሞተሩ ሊያንኳኳ ይችላል፣ ካታሊቲኩም ከአቅሙ በላይ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይሸከማል።

አዲስ የምትገጥሙት ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ብቻ ይሁን። ቦታው ፋብሪካው ካስቀመጠበት አይራቅ፤ ወደ ኋላ በሸሸ ቁጥር ለመሞቅ ይዘገያል። መጋጠሚያው ላይ ተራ ሲሊኮን አይቀባ፣ ሴንሰሩን ይገድለዋል። አሮጌውንም ጋራዥ ትታችሁ አትሂዱ፤ ውስጡ ያለው ፕላቲነም ገንዘብ ነው፣ የእናንተ ነው።