ስክሪፕቱ ፕሮግራሙን አላገኘውም ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ጠዋት ሲከፈት ወርድ ይከፈታል፣ ኤክሴል ይከፈታል፣ ክሮም ይከፈታል፣ ደንበኛ ፋይል የሚልክበት ቴሌግራም ይከፈታል። በጎን ሒሳብ የሚሠራ ካለ ፒችትሪም አለ። አንዱ ሲቪ ሊያሳትም፣ ሌላው ውል ሊያስጽፍ ቆሞ እየጠበቀ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ መክፈት ያሰለቻል። ስለዚህ አንድ ባች ፋይል፣ ማለትም ትእዛዞች በተርታ የተጻፉበት ትንሽ ስክሪፕት፣ ይጻፍና በአንድ ክሊክ ሁሉም ይነሳል። ሐሳቡ አሪፍ ነው። የሚያናድደው ፕሮግራሙ ዴስክቶፕ ላይ ቁጭ ብሎ እየታየ ስክሪፕቱ «የለም» ሲል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ፕሮግራም የሚፈልግበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ስታርት ሜኑ በራሱ መንገድ ይሄዳል፣ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት በሌላ፣ ፕሮግራም በተቀጠረ ሰዓት የሚያስነሳው ታስክ ሸጁለር ደግሞ በሌላ። አንዱ ያገኘውን ሌላው ላያገኘው ይችላል።

የምጽፈው ስለ ዊንዶውስ 10 እና 11 ነው። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን አስቀምጫቸዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚገቡት።

ምርመራ ከመጀመራችሁ በፊት ባች ፋይሉን ሁለቴ ክሊክ ማድረጉን ተዉት። መስኮቱ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ የስህተት መልእክቱንም ይዞት ይሄዳል። ስታርት ሜኑ ላይ ሲኤምዲ ብላችሁ ጥቁሩን መስኮት ክፈቱ፣ ፋይሉን ጎትታችሁ እዚያ ጣሉት፣ ኢንተር በሉ። አሁን የሚለውን ተረጋግታችሁ ታነባላችሁ።

«ሲ፡\ፕሮግራም» የሚባል ትእዛዝ አላውቅም ይላል

አድራሻው፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተቀመጠበት የፎልደር መንገድ፣ ውስጥ ክፍት ቦታ አለ። «ፕሮግራም ፋይልስ» ሁለት ቃል ስለሆነ መስኮቱ የመጀመሪያውን ብቻ ወስዶ ቀሪውን ሌላ ነገር ነው ብሎ አሰበ። ሙሉ አድራሻውን በድርብ ትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት፣ አለቀ።

ፕሮግራሙ አልተከፈተም፣ ባዶ ጥቁር መስኮት መጣ

ይሄኛው ብዙ ሰው ያደናግራል፤ ስህተት እንኳ አይናገርም። ስታርት ከሚለው ትእዛዝ ቀጥሎ አድራሻውን በትምህርተ ጥቅስ ትጽፋላችሁ፣ ኢንተር ትላላችሁ፣ ሌላ ጥቁር መስኮት ዱብ ይላል። ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ ወርድ የለም። የመስኮቱን አናት ተመልከቱ። የጻፋችሁት አድራሻ እዚያ ርዕስ ሆኖ ተሰቅሏል።

ስታርት መጀመሪያ የሚያገኘውን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያለ ነገር የመስኮት ርዕስ አድርጎ ነው የሚወስደው። መላው ባዶ ርዕስ ቀድሞ መስጠት ነው፦

ስታርት "" "የፕሮግራሙ ሙሉ አድራሻ"

ሁለቱ ባዶ ጥቅሶች ትርፍ ይመስላሉ። አታጥፏቸው።

የመጀመሪያው ብቻ ይከፈታል፣ ሌሎቹ እሱ ሲዘጋ ነው የሚመጡት

እዚህ ደግሞ ስታርት የሚለው ቃል ቀርቷል። ባች ፋይል ፕሮግራሙን በቀጥታ ከጠራው እስኪዘጋ ቆሞ ይጠብቀዋል። እያንዳንዱ መስመር ላይ ስታርት ጨምሩ።

ስታርት ሜኑ ላይ «ወርድ» ስል ይመጣል፣ ስክሪፕቱ ግን አያውቀውም

ሁለት ነገር ተደባልቋል። አንደኛ፣ የፋይሉ ስም ወርድ አይደለም፤ ዊንወርድ ነው። ኤክሴልና ክሮም ግን በስማቸው ይጠራሉ። ሁለተኛ፣ ዊንወርድ ብላችሁ ጥቁሩ መስኮት ላይ ብትጽፉም ብዙ ጊዜ አይገኝም። መስኮቱ የሚፈልገው የቆመበት ፎልደር ውስጥና ፓዝ በሚባለው ዝርዝር ላይ ባሉት ፎልደሮች ብቻ ነው። ዌር የሚለው የፍለጋ ትእዛዝም ካልነገሩት በቀር የሚያየው እነዚህኑ ነው። ስለዚህ ዌር «አላገኘሁም» ቢላችሁ ፕሮግራሙ አልተጫነም ማለት አይደለም።

ወርድ፣ ኤክሴልና ክሮም ሲጫኑ አድራሻቸውን ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ አፕ ፓዝስ በሚባል ቦታ ያስመዘግባሉ። ስታርት ይህን መዝገብ ያያል። ስለዚህ ያለ ምንም አድራሻ ስታርት ዊንወርድ ማለት በቂ ነው፣ ወርዱ የትም ቢጫን። ለእንዲህ ዓይነቶቹ ታዋቂ ፕሮግራሞች ረጅም አድራሻ መጻፍ ትርፍ ድካም ነው።

እኔ ጋ ይሠራል፣ ጎረቤት ሱቅ ስወስደው እምቢ አለ

ፕሮግራሞች የሚያርፉበት ቦታ ከማሽን ማሽን ይለያያል። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ሁለት ፕሮግራም ፋይልስ አለ፤ ባለ 32 ቢት የሆኑት መጨረሻው ላይ ኤክስ86 የሚል ወዳለበት ይሄዳሉ። እንደ ፒችትሪ ያሉ የቆዩ የሒሳብ ፕሮግራሞችን መጀመሪያ እዚያ ፈልጓቸው። ሌሎቹ ጭራሽ ፕሮግራም ፋይልስ አይገቡም። ከድረ ገጹ የወረደ ቴሌግራም ለምሳሌ በተጠቃሚው ስም ባለው ፎልደር፣ አፕዳታ ውስጥ፣ ሮሚንግ ሥር ነው የሚቀመጠው። አፕዳታ የተደበቀ ፎልደር ስለሆነ ዝም ብሎ ለሚያስስ ሰው አይታይም።

እውነተኛውን አድራሻ ለማወቅ ዴስክቶፑ ላይ ያለውን ምልክት ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ታርጌት የሚለውን አንብቡ። ኮፒ ስታደርጉት ግን የተጠቃሚውን ስም እንዳለ አትተዉት። ከአድራሻው መጀመሪያ እስከ ሮሚንግ ባለው ፋንታ በሁለት የፐርሰንት ምልክት መካከል አፕዳታ ብላችሁ ጻፉ፤ ይህ ራሱ እስከ ሮሚንግ ድረስ ያደርሳል። ለፕሮግራም ፋይልስም እንዲሁ ነው። ዊንዶውስ በየማሽኑ ትክክለኛውን ቦታ ይሞላዋል።

እኔ የምመርጠው ግን ከዚህም ይቀላል፦ አድራሻውን ትቶ ምልክቱን ራሱን ማስነሳት። የየፕሮግራሙን ምልክት፣ ማለትም ሾርትከቱን፣ አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስቡ፣ ስክሪፕቱም በስታርት ሾርትከቶቹን ይጥራ። ጎረቤት ሱቅ ስትሄዱ ሾርትከቶቹን ብቻ ትቀይራላችሁ፣ ስክሪፕቱ አይነካም።

ታርጌት የሚባል ነገር የለውም፣ ወይም ፎልደሩ «አይፈቀድም» ይላል

ከማይክሮሶፍት ስቶር የተጫነ ነው። እነዚህ ዊንዶውስአፕስ በሚባል የተዘጋ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ፣ አድራሻቸውም ፕሮግራሙ በታደሰ ቁጥር ይለወጣል። በጉልበት ለመክፈት አትታገሉ። ፓወርሼል የሚባለው ሌላኛው የትእዛዝ መስኮት ላይ ጌት-ስታርትአፕስ በሉ፤ የፕሮግራሞቹን ስምና ከጎኑ መለያቸውን ይዘረዝራል። ከዚያ ስክሪፕቱ ውስጥ፦

ኤክስፕሎረር ሼል፡አፕስፎልደር\መለያው

መለያው ፕሮግራሙ ሲታደስ አብሮ አይቀየርም።

ታስክ ሸጁለር ላይ አስገባሁት፣ በሰዓቱ አልተነሳም

መጀመሪያ ሰዓቱን። ጠዋት 2፡30 ላይ ይነሳ ብላችሁ 2፡30 ከጻፋችሁ፣ ኮምፒውተሩ የተረዳው ሌሊት ስምንት ሰዓት ተኩልን ነው። በሀበሻ አቆጣጠር ጠዋት 2፡30 በኮምፒውተሩ 8፡30 ነው። ስድስት ደምሩ። የሰዓት ክልሉንም እዩት። ዊንዶውስ ሲጫን ሳይቀየር ቀርቶ የአሜሪካን ሰዓት የያዘ ማሽን ብርቅ አይደለም። ዝርዝሩ ላይ አዲስ አበባ የሚል ስለሌለ ናይሮቢ የሚለውን ምረጡ፤ ሰዓታችን አንድ ነው።

ቀጥሎ መብራት። መብራት ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ከሄደ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ አልቃለች። ክሮምም ድረ ገጾችን «ሰዓትህ ልክ አይደለም» እያለ ይከለክላችኋል። ባትሪዋን ሳትቀይሩ ሸጁለር ማስተካከል ከንቱ ነው።

ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። አዲስ ታስክ ሲፈጠር ኮንዲሽንስ ውስጥ «ኮምፒውተሩ መብራት ላይ ከሆነ ብቻ ጀምር» የሚለው ቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ይመጣል። መብራት በሌለበት ጠዋት ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ ታስኩ ዝም ጭጭ ይላል። ምልክቱን አንሱት። ሴቲንግስ ውስጥ ደግሞ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ማሽኑ ሲበራ ወዲያው እንዲጀምር የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ እሱን አብሩት።

ታስኩ «ተሳክቷል» እያለ መስኮቱ የማይታይ ከሆነ፣ «ተጠቃሚው ቢገባም ባይገባም አስኪድ» የሚለው ተመርጧል ማለት ነው። ፕሮግራሙ ተነስቷል፤ ታስክ ማኔጀር ላይ ታዩታላችሁ። የተነሳው ግን ለሰው በማይታይ ክፍል ውስጥ ነው። ከቪስታ ወዲህ ዊንዶውስ እንዲህ ነው። «ተጠቃሚው ሲገባ ብቻ» ወደሚለው መልሱት።

ማታ ማታ ኮምፒውተር የሚያጠፋ ሱቅ ግን ሸጁለር ምን ያደርግለታል? ዊንዶውስና አር ተጫኑ፣ ሼል፡ስታርትአፕ ብላችሁ ጻፉ፣ በሚከፈተው ፎልደር ውስጥ የባች ፋይሉን ሾርትከት አስቀምጡ። ማሽኑ በርቶ ስትገቡ ራሱ ይነሳል።

ፒችትሪ ይከፈትና ዳታቤዙን አላገኘሁም ይላል

በዚህ መንገድ በራሱ ሲነሳ ብቻ የሚመጣ ችግር ከሆነ ፒችትሪ ቸኩሏል። ከጀርባው ፐርቬሲቭ የሚባል ዳታቤዝ በሰርቪስ መልክ፣ ማለትም መስኮት ሳይከፍት፣ ይሠራል፤ ቀርፋፋ ማሽን ላይ እሱ ሳይነሳ ፒችትሪ ይቀድመዋል። ስክሪፕቱ ላይ ከፒችትሪ መስመር በፊት ታይምአውት 60 የሚል ጨምሩ፣ አንድ ደቂቃ ይጠብቃል። በእጅ ስትከፍቱትም ያው ከሆነ ሰርቪሱ ራሱ ቆሟል። ሰርቪስስ የሚለውን መስኮት ከፍታችሁ አስነሱት።

የፎልደሩ ስም በአማርኛ ነው፣ ስክሪፕቱ አያገኘውም

«የደንበኞች ፋይል» የሚል ፎልደር የሌለው ጽሕፈት ቤት ያለ አይመስለኝም። ጥቁሩ መስኮት ላይ የሚታየው ቅርጽ ምክንያቱን ይናገራል። የጥያቄ ምልክቶች ከሆኑ ፋይሉ ሴቭ ሲደረግ ኢንኮዲንጉ (ፊደል የሚቀመጥበት ዘዴ) የአማርኛ ፊደል የማይዘው አንሲ ነበር፣ ፊደሎቹ ጠፍተዋል፤ በዩቲኤፍ-8 እንደገና ጻፉት። ቢ የምትመስለው የጀርመን ፊደል እየተደጋገመች ከታየች ፊደሎቹ አሉ፣ መስኮቱ ነው በተሳሳተ ኮድ ያነበባቸው። የስክሪፕቱ አናት ላይ ሲኤችሲፒ 65001 የሚል መስመር አስገቡ። ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ከሆኑ ግን አትጨነቁ። የመስኮቱ ፎንት ፊደላችንን ስለሌለው ነው እንጂ ፎልደሩ በትክክል ይከፈታል።