ናቹራል ወይስ ሶሻል? 9ኛ ክፍል ለምትገቡ የወሎ ልጆች

ሚኒስትሪ ተፈትናችሁ ውጤት እየጠበቃችሁ ነው? እንግዲያው ክረምቱ ሳያልቅ ስለዚህ ጉዳይ እናውራ። ብዙ ቤት ውስጥ 11ኛ ላይ ናቹራል (የተፈጥሮ ሳይንስ) ይሻላል ወይስ ሶሻል (ማህበራዊ ሳይንስ) የሚለው ጥያቄ የሚነሳው 10ኛ ክፍል ሊያልቅ ሲል ነው። ያን ጊዜ የቀረው ቅጽ መሙላት ብቻ ነው። ምርጫው ውስጥ ውስጡን የሚያልቀው 9ኛ ክፍል ላይ ነው። ሒሳብ ሲያመልጣችሁ፣ ፊዚክስ ሳይገባችሁ ደብተር ብቻ ስትገለብጡ፣ አንዱ መንገድ ማንም ሳይነግራችሁ እየተዘጋ ነው። ስለዚህ አሁኑኑ ጀምሩት።

ምን ይጠብቃችኋል?

9ኛና 10ኛ ላይ የትምህርት ምርጫ የለም። ሁሉም ሁሉንም ይማራል። 7ኛና 8ኛ ላይ አጠቃላይ ሳይንስ እየተባለ በአንድ መጽሐፍ የተማራችሁት አሁን ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ ሆኖ ይለያያል፤ ለየብቻው መምህር፣ ለየብቻው ፈተና። የህብረተሰብ ትምህርትም ጂኦግራፊና ታሪክ ይሆናል፤ ኢኮኖሚክስ የሚባል አዲስ ትምህርትም ይጨመርላችኋል። በዚያ ላይ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ አማርኛ፣ ዜግነት፣ አይሲቲ፣ ስፖርት አለ። ከአማርኛ በቀር መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ታላላቆቻችሁ 10ኛ ላይ ይፈተኑት የነበረው ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል። ስለዚህ ከ8ኛ በኋላ እስከ 12ኛ ድረስ ከትምህርት ቤታችሁ ውጭ የሚፈትናችሁ የለም። አራት ዓመት ሙሉ ካርዳችሁ ላይ 80 እና 85 እያያችሁ፣ ምንም አልጎደለኝም ብላችሁ ልትሄዱ ትችላላችሁ። ጉድለቱ የሚታወቀው 12ኛ ላይ ነው። ከ2014 ዓ.ም ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር የታየው ይኸው ነው፤ በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከ100 ተማሪ 3.3 ብቻ ነበር፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ አይደለም። ሦስት ዓመት ቀድሞ ያወቀ ልጅ ብዙ ማስተካከል ስለሚችል ነው።

11ኛ ላይ ሲከፈል ናቹራል የገባ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂን ይዞ ይቀጥላል፣ ሶሻል የገባ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስን። እንግሊዝኛና ሒሳብ ሁለቱም ጋ አሉ፤ ማትሪክ ላይም ሁለቱም ጋ አሉ፣ አፕቲቲዩድም ይጨመራል። «ሒሳብ ስለምጠላ ሶሻል እገባለሁ» የሚል ልጅ ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት። የሶሻሉ ሒሳብ ለብቻው የተዘጋጀ ነው እንጂ የቀረ አይደለም፤ ኢኮኖሚክሱም ቢሆን ግራፍና ስሌት አለበት።

ክረምቱን በምን ታሳልፉት?

በሒሳብና በእንግሊዝኛ። ሌላውን ተዉት።

ሒሳብ ላይ የ9ኛን መጽሐፍ ፈልጎ ወደፊት መሮጥ ብዙ አይጠቅምም። የ7ኛና የ8ኛው ቀዳዳ ነው መደፈን ያለበት። እስቲ አሁን ወረቀት አውጡና ያለ ስልክ፣ ያለ ካልኩሌተር እነዚህን ሥሩ፦ ከ3/4 ላይ 2/3 ሲቀነስ ስንት ይቀራል? ከነጌቲቭ 5 ላይ ነጌቲቭ 8 ሲቀነስስ? የአንድ ቁጥር ሦስት እጥፍ ላይ 7 ሲደመር 40 ከሆነ ቁጥሩ ማን ነው? መልሶቹ 1/12፣ 3 እና 11 ናቸው። ሦስቱንም ሳትጨነቁ ከሠራችሁ ጥሩ መሠረት አላችሁ። አንዱ ከያዛችሁ የያዛችሁ ቦታ ታውቋል ማለት ነው፤ የክፍልፋይ፣ የነጌቲቭ ቁጥር ወይም የእኩልታ ምዕራፉን ከድሮ መጽሐፋችሁ አውጥታችሁ በቀን ጥቂት ጥቂት ሥሩ። የ9ኛ ፊዚክስ ስለ እንቅስቃሴና ስለ ጉልበት ሲያወራ ከእነዚህ ውጭ የሚጠቀመው ሒሳብ ብዙ አይደለም። ፊዚክስ ይከብደኛል ከሚሉ ልጆች አብዛኞቹን ያቃታቸው ክፍልፋይ ነው፣ ፊዚክስ አይደለም።

እንግሊዝኛው ላይ ደግሞ ከ9ኛ ክፍል የባዮሎጂ ወይም የጂኦግራፊ መጽሐፍ በቀን አንድ አንቀጽ ውሰዱ። መጽሐፉ ከሌላችሁ ከሰፈር ልጅ ተዋሱ፣ ስልክ ያለው ሰው ካለም በፒዲኤፍ ያውርድላችሁ። አንቀጹን አንብቡ፣ የማታውቁትን ቃል በደብተር ጻፉ፣ ከዚያ መጽሐፉን ዘግታችሁ ምን አለ የሚለውን በአማርኛ ለእናታችሁ ወይም ለታናሽ እህታችሁ አስረዱ። ማስረዳት ካቃታችሁ አልገባችሁም። ሽምደዳ ሚኒስትሪን ያሳልፍ ይሆናል፣ ማትሪክ ላይ ግን ዋጋ የለውም።

በጦርነቱም ከዚያ ወዲህ ባለው ግጭትም ትምህርት የተቋረጠባችሁ፣ ዓመት የዘለለባችሁ ልጆች አብሽሩ። እድሜያችሁ ከክፍሉ ልጆች ቢበልጥ ምንም አይደለም። እናንተ ግን የሒሳቡን ነገር ከሌላው በላይ አጥብቁት፣ ያመለጣችሁ ወር በራሱ አይመለስምና።

ደብተሩን ያዙ

አንድ ቀጭን ደብተር ለዚህ ብቻ መድቡ። ከመስከረም ጀምሮ በየፈተናው አራት ነገር ጻፉበት፦ ትምህርቱ፣ ያመጣችሁት ውጤት፣ የክፍሉ አማካይ ወይም ቢያንስ ብዙው ልጅ ያመጣው፣ በመጨረሻም ሳትታዘዙ ያነበባችሁት ነገር ካለ።

ሦስተኛው ዓምድ ነው ዋናው። ባዮሎጂ 82፣ ፊዚክስ 68 አመጣችሁ እንበል። ማንም ቢያየው ባዮሎጂ ይሻላችኋል ይላል። ነገር ግን ባዮሎጂ ላይ ክፍሉ ሁሉ 85 ካመጣ፣ ፊዚክስ ላይ ደግሞ አብዛኛው 45 ላይ ከቀረ፣ ጎበዝ የሆናችሁት ፊዚክስ ላይ ነው። አንዱ መምህር እጁ ሰፊ ነው፣ ሌላው ይቆጥባል። ካርድ ላይ ይህ አይታይም፣ ደብተራችሁ ላይ ይታያል። አራተኛው ዓምድም ቀላል አይደለም። ፈተና ሳይኖር ስለ አድዋ ወይም ስለ ልብ አሠራር ወይም ስለ ገበያ ዋጋ ማንበብ የሚወድ ልጅ ራሱን እየነገረን ነው።

ዝንባሌያችሁን በሌላ መንገድም መመልከት ትችላላችሁ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ስትወርዱ መኪና ውስጥ ምን ምን ይመጣባችኋል? የተጫነው ሲኖትራክ ቁልቁለቱን ለምን በከባድ ማርሽ እንደሚወርድ፣ ፍሬኑ ለምን እንደሚግል የሚያስብ ልጅ አለ። ደሴ ጃኬት ለብሶ ተነስቶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ለምን እንደሞቀው የሚጠይቅ አለ። ይህን መንገድ ማን ሠራው፣ መቼ ሠራው የሚል አለ። የጭነቱ ዋጋ ስንት ነው፣ ኮምቦልቻ ሲራገፍ ስንት ይሸጣል ብሎ የሚያሰላም አለ። ሁሉም ጥሩ ጥያቄ ነው። የእናንተ የቱ እንደሆነ ግን እናንተ ታውቃላችሁ፤ ወላጆችም ልጃችሁ መንገድ ላይ የሚጠይቃችሁን ነገር ዝም በል ብላችሁ አትለፉት።

የማትሰሟቸው ምክንያቶች

«ናቹራል የጎበዝ፣ ሶሻል የሰነፍ ነው።» ይህ ወሬ ሥር የሰደደው በከንቱ አይደለም። መንግሥት አንድ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማህበራዊ ሳይንስ እንዲሆን ወስኖ ስለነበር ትምህርት ቤቶችም ቤተሰብም ልጁን ወደ ናቹራል ይገፉ ነበር። ዛሬ ግን ውጤት ካልመጣ የናቹራል ስም ብቻውን የትም አያደርስም። ታሪክና ጂኦግራፊ በደንብ የሚገባው ልጅ ለስሙ ብሎ ኬሚስትሪ ውስጥ ሁለት ዓመት ሲሰቃይ ማየት ያሳዝነኛል።

ተቃራኒውም ልክ አይደለም። ሶሻል ይቀላል ብሎ የገባ ልጅ የታሪክ መጽሐፉን ውፍረት ሲያይ ይደነግጣል። ማንበብ የማይወድ ሰው ሶሻል አይመቸውም።

ጓደኛዬ ስለገባ፣ መምህሩን ስለማልወደው፣ አክስቴ ነርስ ስለሆነች። ሦስቱም ይቅሩ። ጓደኛችሁን በእረፍት ሰዓት ታገኙታላችሁ፣ መምህሩም በዓመቱ ሊቀየር ይችላል።

ወዴት ነው የሚያደርሰው?

አንድ ነገር ቁርጥ ያለ ነው። ሶሻል የወሰደ ልጅ በዲግሪ ህክምና፣ ፋርማሲ፣ ምህንድስና አይገባም። ሐኪም የመሆን ሐሳብ በውስጣችሁ ካለ፣ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ 9ኛ ላይ ጭራሽ የማይታለፉ ናቸው። ሕግ፣ አካውንቲንግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ጋዜጠኝነት፣ ማኔጅመንት የሚያስቡ ደግሞ ሶሻል ነው መንገዳቸው።

እዚሁ አካባቢያችን ምን እንዳለ በዓይን እዩ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ ህክምናና ሕግ ያስተምራል፣ ኮምቦልቻ ላይ ያለው ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ምህንድስናን፣ ጨርቃ ጨርቅን ጨምሮ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ መቅደላ አምባ አለ። ግብርና የሚወድ ልጅ ስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል የማሽላ ዘር ላይ የሚሠራውን ሥራ ቢያይ ዓይኑ ይከፈታል፤ የላሊበላ ልጅ ደግሞ ቱሪዝምና ታሪክ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃል። ምደባው አገር አቀፍ ስለሆነ የትም ልትመደቡ ትችላላችሁ፣ ነገር ግን ሥራውን በአካል ያየ ልጅ ምርጫው ላይ አይወላውልም።

ቴክኒክና ሙያንም የወደቀ የሚገባበት አድርጋችሁ አትዩት። ደሴ ላይ ወይዘሮ ስህን፣ ኮምቦልቻ ላይም ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክና ፋብሪካዎቹ ኤሌክትሪክ፣ ማሽን፣ ብየዳ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። እጃችሁ ሥራ የሚወድ ከሆነ፣ የተበላሸ ራዲዮ ፈታችሁ የምትገጥሙ ከሆነ፣ ኮሌጁ በር ላይ ሄዳችሁ በዚያ ዓመት የመግቢያው መስፈርት ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በወሬ አትመኑ።

ከገጠር ለምትመጡ

ከገጠር ቀበሌ መጥታችሁ ወረዳ ከተማ ቤት ተከራይታችሁ፣ በየሳምንቱ ስንቅ እየተቀበላችሁ የምትማሩ ልጆች ከመመዝገባችሁ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ። ትምህርት ቤቱ እስከ 12ኛ አለው ወይስ 10ኛ ላይ ያቆማል? 11ኛ ካለው ሁለቱንም ዘርፍ ያስተምራል? ይህን ሳያጣሩ ገብተው 10ኛ ሲያልቅ ዳግመኛ ቤት ኪራይ፣ ዳግመኛ ከተማ የሚቀይሩ ብዙ ናቸው፤ ወጪው ለገበሬ ቤተሰብ ቀላል አይደለም። ቤተ ሙከራውንም ጠይቁ። በ2014ቱ ጦርነት የብዙ ትምህርት ቤት ዕቃ ስለተዘረፈ ያልተሟላ ሊሆን ይችላል። ባይኖርም ናቹራል አትግቡ ማለቴ አይደለም፣ የሙከራ ቪዲዮ ከስልክ እያያችሁ ማካካስ እንዳለባችሁ ቀድማችሁ እንድታውቁት ነው።

ከቤተሰብ ጋር

እናት «ልጄ ዶክተር ይሁንልኝ» ብላ ለዓመታት ዱአ ስታደርግ ወይም ስለት ስትሳል ኖራለች። በአንድ ቀን ሶሻል ነኝ ብትሏት ቅር ይላታል። ስለዚህ 10ኛ እስኪያልቅ አትጠብቁ። የ9ኛው የመጀመሪያ ሴሚስተር ካርድ ሲሰጥ፣ ቡና ተፈልቶ ሁሉም ሲቀመጥ ያንን ደብተር አምጡና አሳዩ። «እማዬ፣ እዚህ ላይ እንዲህ ነኝ፣ እዚያ ላይ እንዲህ ነኝ» በሉ። ወላጅ ወረቀት ላይ ያየውን ይቀበላል። አባት ካልተዋጠለት የስም ጠሪ መምህራችሁን አንድ ቀን እንዲያነጋግር ለምኑት፤ መምህር ሲናገር ይሰማል። ወላጆች ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጃችሁን ጠይቁት፦ ፈተና ባይኖር የትኛውን ታነብ ነበር?

11ኛ ገብታችሁ ተሳስቻለሁ ካላችሁ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተነጋገሩ። መቀየር የሚቻለው ክፍሉ ብዙ ሳይርቅ፣ በሌላው ዘርፍ ቦታ እያለ ነው። ሴሚስተሩ ከተጋመሰ የሌላው ዘርፍ ሦስቱም ትምህርቶች ስላመለጧችሁ ርዕሰ መምህሩ ቢፈቅድ እንኳ እናንተ አትችሉትም። ቅድሚያ ለስም ጠሪ መምህራችሁ ንገሩ፣ ከዚያ ከወላጅ ጋር ሆናችሁ ማመልከቻውን በጽሑፍ ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ስጡ። ኮፒው ላይ የተቀበሉበትን ቀን አስጽፋችሁ ያዙት፤ መልሱ እስኪመጣ ድረስም ከያዛችሁት ክፍል አትቅሩ።